ጥርሱ የታየ መብራት

ከባቲ እስከ ሰንበቴ ገበያ የወጣችን በቅሎ ሁሉ ኑርሁሴን አፏን ከፍቶ አይቷል ቢባል ማጋነን የለበትም። ጢም ሳያወጣ የጀመረው ንግድ ነው፤ ሽበት እስኪያወጣ ኖረበት። ከልማዱ ብዛት ሰው ሰላም ሲለው እንኳ ዐይኑ ቀድሞ ጥርስ ላይ ያርፋል። ዘይናን ያጨ ጊዜ «ምኗን ወደድኸው?» ቢሉት «ጥርሷን» ብሎ መለሰ። አገሩ ሁሉ የፍቅር ነገር መሰለው። የሚያውቁት ግን ዕድሜዋን እያየ እንደ ነበር አልጠፋቸውም።

የበቅሎ ዕድሜ ከጥርሷ ነው የሚታወቀው። የልጅ በቅሎ ጥርስ ጫፉ ላይ ጥቁር አለው። ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ጥቁሩ እየተፋቀ ይሄድና፣ ስታረጅ ጥርሷ ልሙጥ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ ለኑርሁሴን ጥቁር ማለት ወጣት ነው፤ ጥቁር የሌለው አሮጌ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ጉዱ ሁሉ የሚመጣው ከእሷ ነው።

ከበቅሎ ንግድ ያስወጣችው ራሷ በቅሎ ናት። ሰንበቴ ገበያ ላይ አንዲት አመለኛ ዳሌውን ብላ ረገጠችው። ወጌሻው እያሸ «ከእንግዲህ በበቅሎ ኋላ እንዳትቆም» አለው። «በፊቷስ?» ቢለው «ትነክስሃለች» አለው። በዚህ ምክንያት ኑርሁሴን ጨርቅ ነጋዴ ሆነ። ሆነ ስንል ያው እንደ መሆን ነው፤ ሱቁ ዘይና ከአባቷ የወረሰችው ነው፣ ስለ ጨርቅ የምታውቀውም እሷ ናት። እሱ ባንኮኒው ኋላ ቁጭ ብሎ የገዢ ጥርስ ያያል።

ሱቁ ከሚሴ፣ ከአስፋልቱ ዳር ነው። ዘመኑ የደርግ ነው። ከተማዋ መብራት ካገኘች ብዙ አልቆየችም፤ ጄኔሬተሩ ከመግሪብ ጀምሮ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ድረስ እያጓራ ይሠራል። ዘይና ለአረፋ በዓል ሱቁን ላድሰው ብላ ተነሣች። ግድግዳው ኖራ ተቀባ፣ ኮርኒሱ በአዲስ አቡጀዲ ተወጠረ፣ የመሬቱ ወለል ሲሚንቶ ለበሰ። የቀረው መብራቱ ብቻ ሆነ። የአረፋ ዋዜማ ገበያተኛ የሚጎርፈው ሲመሽ ነው፤ በፋኖስ ጭላንጭል ደግሞ ሰማያዊው ጣቃ ከጥቁሩ አይለይም።

ከደሴ ተቀጥሮ የመጣ ፈቃደ የሚባል ወጣት የመብራት ሠራተኛ ነበር። መሰላሉን በትከሻው አጋድሞ ሲዞር ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። እሱን አማከሩት።

«ክብ አምፖል አልመክርዎትም፣ ጋሽ ኑርሁሴን» አለ ፈቃደ። «ለዚህ ሱቅ ፍሎረሰንት ነው የሚሻለው፤ ያ ረጅሙ። አንዱ የብዙ አምፖል ያህል ያበራል፣ የሚበላው መብራት ግን ጥቂት ነው። ቀበሌው የሚያስከፍለን በምንበላው ልክ አይደል?»

ኑርሁሴን ዐይኑን ጨፍኖ አሰበበት። «ትንሽ በልታ ብዙ የምትጭን ማለትህ ነው?»

«እ... አዎ፣ እንደዚያ ነው።»

«ክብ አምፖል ግን ገብስ ጨርሳ ዳገት ላይ የምትተኛዋ ናት።»

«ልክ ነው» አለ ፈቃደ፤ ሌላ ምን ይበል።

ኑርሁሴን ደስ አለው። ከበቅሎ ወዲህ የገባው የመጀመሪያው ነገር ነበር። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም፤ ዘይና «እንግዲያው ፈቃደና እኔ ደሴ ሄደን እንመርጣለን» አለች።

«ለምን እኔ አልመርጥም?»

«አንተ ሰው፣ ከበቅሎ ሌላ ምን ታውቃለህ?»

ይህን ያለችው በክፋት አይደለም። ኑርሁሴንን ግን ወጌሻው ካሸው ዳሌው በላይ አመመው። ከዚያ በላይ ደግሞ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ከሱቁ ጓሮ በረት አለ፤ በረቱ ውስጥ ሸጊቱ አለች። ሸጊቱ ከንግዱ የተረፈችው የገዛ በቅሎው ናት፣ ዳማ፣ ጆሮዋ ረጅም፣ ዐይኗ የሰው። ዘይና በረቱን መጋዘን አድርጋ ጣቃዎቿን ልትደረድርበት ስትመኝ ኖራለች። «አትጭን፣ አትጋለብ፣ ለማን ብለህ ነው የምትቀልባት? ሽጣት» ስትለው፣ እሱ «ገና ልጅ ናት፣ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ዋጋዋ ሲወጣ እሸጣታለሁ» እያለ ያልፋታል። ኑርሁሴን ሸጊቱን ሳያይ አያድርም። ሰው የማይሰማውን ነገር ሁሉ የሚነግረው ለእሷ ነው፤ እሷም ጆሮዋን ወደ እሱ አዙራ እስኪጨርስ ትሰማዋለች።

እንግዲህ ሰው ሲናደድ ምላሱ ይቀድመዋል። «መግዛት ያወቀ ሁሉን መግዛት ያውቃል» አለ። «ወላሂ፣ እኔ የመረጥሁት መብራት በአረፋ ዋዜማ ይህን ሱቅ ቀን ካላስመሰለው፣ ሸጊቱን ሰንበቴ ወስጄ እሸጣታለሁ።»

ዘይና ቁመቷ አጭር ነው፤ ቃል ከያዘች ግን አትለቅም። «ሰማሁ» አለችና ወደ ጣቃዎቿ ተመለሰች።

በማግስቱ ኑርሁሴን ደሴ ወጣ። መነጽር ያደረገ አንድ ሽማግሌ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ አገኘ። ነጋዴው አዲሶቹን ፍሎረሰንቶች ከካርቶን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ደረደረለት።

«አፋቸውን ልይ» አለ ኑርሁሴን።

ነጋዴው አልገባውም። ኑርሁሴን አንዱን አንሥቶ ጫፉን ወደ ብርሃን አዞረ። ነጭ ነው። ሌላውን አየ፤ ነጭ። ሁሉም ልሙጥ ነጭ። አንገቱን ነቀነቀ። «ኧረ በረቢ፣ እነዚህማ ያረጁ ናቸው።»

«ካርቶኑን ፊትዎ ላይ ነው የከፈትሁት» አለ ነጋዴው።

ኑርሁሴን ዐይኑን ወረወር ሲያደርግ፣ ጥግ ላይ እንደ ሸንበቆ የተደገፉ ሌሎች ስድስት አየ። ጫፋቸው ጥቁር ነው፤ እንደ ኩል የጠቆረ። ልቡ ዘለለች። ፊቱ ግን አልተነቃነቀም፤ ደላላ የወደደውን ዕቃ በዐይኑ አይነካም። «እነዚያ ምንም አይሉም» አለ እያዛጋ። «ለምንም አይሆኑ፤ እስቲ ስንት ትላቸዋለህ?»

«እነሱ ያለቁ ናቸው፣ አባቴ። ከአንድ መሥሪያ ቤት ጣሪያ ወርደው ልጥላቸው ነው ያስቀመጥኋቸው። አይግዟቸው።»

ይህን ሲሰማ ኑርሁሴን ያለ ጥርጥር አመነ። ገበያ ላይ ባለቤቱ «ይህችን ተዋት፣ ትራገጣለች» ካለህ ለአማቹ ያስቀመጣት ናት፤ ይህን የማያውቅ በቅሎ አይነግድም። ነጋዴው «አይበሩም» ባለ ቁጥር ኑርሁሴን ሊገዛ ይበልጥ ቆረጠ። ነጋዴው «ቢበሩም አይቆዩም» ብሎ ሲምል፣ ኑርሁሴን በልቡ «ይህ ሰውዬ እንዴት ቢሳሳላቸው ነው» አለ። በመጨረሻ ሽማግሌው ደከመውና ኑርሁሴን የሰጠውን ዋጋ ተቀበለ። ኅሊናው አልችል ብሎት መሆን አለበት፣ ማሠሪያ ገመድም መረቀለት። ኑርሁሴን ግን ምርቃቱን የተሸነፈ ነጋዴ ምልክት አድርጎ ወሰደው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው እኮ ለበሬ ብቻ አይደለም።

መብራቶቹን በጋቢው ጠቅልሎ አውቶቡስ ላይ ጭኑ ላይ አጋደማቸው። አጠገቡ የተቀመጠች ሴት የተሰበረ እግር መስሏት «አላህ ይማርዎ» አለችው። «አሚን» አላት፤ ዱዓ አይመለስም።

ዘይና ደጅ ላይ ጠበቀችው። «አዲስ ነው የገዛኸው?»

«ባለቤቱ ሊሸጥልኝ አልወደደም፤ በስንት መከራ ነው» አለ ኑርሁሴን። በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች የተባለው ይኸው ነው።

መብራቱን ማንም ሳያየው በረት አስገብቶ ከሸጊቱ ጋር አሳደረው። ለፈቃደም «ሽቦህን ዘርጋ፣ ማቀፊያውን ስቀል፤ መብራቱ ግን ዱዓ ሳይደረግለት አይገለጥም። እኔ ራሴ እሰካዋለሁ፤ አሰካኩን ብቻ አስተምረኝ» አለው። ፈቃደም አሳየው። በዋዜማው ከአሱር ሶላት በኋላ ኑርሁሴን በሩን ዘግቶ፣ በታመመ ዳሌው መሰላል ላይ ወጥቶ ስድስቱንም ሰካና በአቡጀዲ ሸፈናቸው።

መግሪብ ተሰገደ። ሱቁ ጢም ብሎ ሞላ። ሼኩ መጡ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች መጡ፤ መሪማ የምትባል የዘይና ደንበኛ ከጨፋ ሮቢት ጎረቤቶቿን አስከትላ መጣች። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ጀይላንም ጠመንጃ ከያዘ ጠባቂው ጋር በሩ ላይ ቆመ። ጀይላን እዚያው ሰፈር ያደገ፣ ዘይና ቆሎ እየሰጠች ያሳደገችው ሰው ነው። ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ ግን ሁሉ ነገር አሻጥር ይሸተዋል።

ጄኔሬተሩ ማጓራት ጀመረ። ኑርሁሴን አቡጀዲውን ገፈፈ፤ ፈቃደ ማብሪያውን ተጫነ።

የመብራቶቹ ጫፍና ጫፍ ቀላ። ከዚያ ብልጭ አለ። ከዚያ ድርግም። አንዱ ሲበራ አንዱ ይጠፋል፤ ሦስተኛው ይንቀጠቀጥና ይተወዋል፤ አራተኛው ጨርሶ እንቢ ብሏል። ስድስቱ እንደ ስድስት እልከኛ በቅሎ ናቸው፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይቆማል።

ሼኩ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀምረው ነበር። «ያ ረቢ፣ ይህን ቤት ብርሃን...» ሲሉ ጨለመ። «...አድርገው» ሲሉ በራ። ሰዉ አሚን ሊል አፉን ሲከፍት ደግሞ ጨለመ። ሼኩ በጨለማው ውስጥ ረጋ ብለው «አሁን አሚን እንበል ወይስ እንጠብቅ?» አሉ። መሪማ በብልጭታው አረንጓዴ ሽርጥ አይታ እጇን ሰደደች። ብርሃኑ ሲመለስ የሼኩን ኩታ ጫፍ ይዛ «ይኼ ስንት ነው?» ትላለች።

«ይህን ማን ነው የገጠመው?» አለ ጓድ ጀይላን።

«ሽቦውን ፈቃደ ነው» አለ አንዱ ከጨለማው ውስጥ።

«በበዓል ዋዜማ ሰፊውን ሕዝብ ዐይኑን ማወናበድ አሻጥር ነው። ፈቃደ፣ ከእኛ ጋር ቀበሌ ትሄዳለህ። እዚያ ታስረዳለህ።»

 በዚያ ዘመን ቀበሌ ሊያስረዳ የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። ፈቃደ በዚህ መሐል መሰላሉ ላይ ወጥቶ የመብራቶቹን ጫፍ እያየ ነበር። አየና ዞሮ ኑርሁሴንን ተመለከተው። «ጋሽ ኑርሁሴን...» አለና የቀረውን ዋጠው። ደሴ ተሂዶ የመጣው መብራት ምን እንደሆነ ገብቶታል፤ አዛውንቱን በገዛ ሱቃቸው፣ በእንግዳ ፊት ማዋረድ ግን ከበደው።

ኑርሁሴን የጫፉን ነገር ባይረዳውም የፈቃደን ፊት አነበበ። ዝም ቢል የሚሆነውም ወለል ብሎ ታየው። ጥፋቱ የሽቦው ከሆነ መሐላው አልተነካም፤ ሸጊቱ በረቷ ውስጥ ትቀራለች። ልጁ ደግሞ ቀበሌ ሄዶ ያስረዳል። ከጓሮ ሸጊቱ እግሯን መሬት ላይ ስትመታ ተሰማው፤ በዚህ ሰዓት ነው ሁልጊዜ ገለባ ይዞላት የሚሄደው። 

«ጀይላን» አለ፤ ጓድ ማለቱን ረሳው። «ልጁን ተወው። ሽቦው ደህና ነው። መብራቱን መርጬ የገዛሁት እኔ ነኝ፣ የሰካሁትም እኔ ነኝ።»

«እንዴት አድርገህ ነው የመረጥኸው?»

ኑርሁሴን መለሰለት፤ «ጥርሱን አይቼ።»

ጣቱን ወደ ጠቆረው የመብራት ጫፍ ቀሰረ።

«ነጩን ትቼ ጥቁሩን ወሰድሁ። ጥቁሩ ልጅ ነው ብዬ።»

ፈቃደ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ በዝግታ «ጋሽ ኑርሁሴን፣ ፍሎረሰንት ጫፉ የሚጠቁረው ሲያረጅ ነው» አለ።

መጀመሪያ የሳቁት ሼኩ ናቸው። ሊይዙት ሞክረው ነበር፤ አልሆነላቸውም። ከዚያ መሪማ ሳቀች፤ ከዚያ ሱቁን ሳቅ ሞላው። ሽማግሌዎቹ ባንኮኒውን ይዘው ተንጠለጠሉ። በብልጭታው መሐል አንዴ የሳቀ ፊት ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል፤ ይህ ደግሞ ሳቁን አባሰው። ጓድ ጀይላን የሊቀመንበር ፊቱን እንደ ያዘ ሊቆይ ታገለ። መጨረሻ ላይ ጠባቂው ጠመንጃውን ተደግፎ ሲንፈቀፈቅ ሲያይ እሱም ለቀቀው። «ይህስ አሻጥር አይደለም» አለ እንባውን እየጠረገ፤ «ይህስ በቅሎ ነው።» ፈቃደን ትከሻውን መታ አድርጎት ወጣ።

ዘይና ብቻ አልሳቀችም። ማብሪያውን አጠፋች፣ ሁለት ፋኖስ ለኮሰችና ጨርቋን መቁረጥ ያዘች። ሰዉም ከእንዲህ ያለ ሳቅ ወዴት ይሄዳል፤ እዚያው ቆሞ እየሳቀ ገዛ። ሱቁ ባዶ ሲሆን ዘይና መቀሷን አስቀመጠች።

«ወላሂ ብለሃል» አለች።

«ብያለሁ» አለ።

በዓሉ አለፈ። ቅዳሜ ኑርሁሴን ሸጊቱን እየሳበ ወደ ሰንበቴ ተነሣ። መንገድ ለመንገድ ያወራት ነበር፤ ስለ መንገዱ ነው፣ ስለ ድሮ ጓደኞቻቸው ነው፣ ስለ ገበያው ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም። ዘይና ደግሞ እሑድ ጠዋት በመኪና ደረሰችበት። «ብቻህን ከሆንህ ገበያውን በጓሮ ዞረህ ትመለሳለህ» አለችው። እውነቷን ነው፤ አንድ ጊዜ ዞሮታል።

የድሮ የንግድ ጓደኛው አደም ከሩቅ አይቷቸው እየሮጠ መጣ። «አካም፣ አያ ኑርሁሴን፣ ፈያ ነህ? ሸጊቱን ልትሸጥ? ጉድ ነው።» ከዚያ እንደ ልማዱ እጁን ወደ በቅሎዋ አፍ ሰደደ።

ኑርሁሴን ልጓሟን ጨመቀ። «አፏን አትንካ።»

«ሳላይ ልገዛ? አፏን ሳያዩ በቅሎ መግዛት ሚስት በወሬ ማግባት ነው ያልኸን አንተ እኮ ነህ።»

«እመነኝ፤ ሰባት ዓመቷ ነው።»

ሁለቱ ሲጓተቱ ዘይና ሰለቻት። ቀረብ ብላ ራሷ የሸጊቱን ከንፈር ገለጥ አደረገች። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ከሚሴ ከጥርሱ ነገር ሌላ ወሬ አልነበራትም፤ ሕፃን እንኳ ጥቁሩ ምን እንደሆነ፣ ልሙጡ ምን እንደሆነ ያውቀዋል። የሸጊቱ ጥርስ ዳር እስከ ዳር ልሙጥ ነው፤ ጥቁር የሚባል ፍንጭ የለበትም።

ዘይና ወደ ባሏ ዞረች። «ስንት ዓመቷ ነው ያልኸኝ?»

«ሰባት።»

«ቶይባን ታቅፌ ሳጠባ ሰባት ዓመቷ ነው ብለኸኛል። ቶይባ ልጄ አግብታ ወልዳለች፤ ሸጊቱ አሁንም ሰባት ናት?»

ኑርሁሴን መሬት መሬት አየ። «የገዛኋት ዕለት አፏን አየሁት» አለ። «ከዚያ ወዲህ አልከፈትሁትም። የስንቱን አፍ ስከፍት ኖሬ የእሷን ፈራሁ። ካየሁ አውቃለሁ፤ ካወቅሁ ደግሞ...»  ሸጊቱ ጆሮዋን ወደ እሱ አዞረች።

አደም ራሱን አከከ። «አያ ኑርሁሴን፣ እንግዲህ አትቀየመኝ። ለጭነት አትሆን፣ ለግልቢያ አትሆን። ማን ይገዛታል?»

«እኔ» አለች ዘይና።

ሁለቱም ዞረው አዩዋት። ከሻሿ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ አንዲት ስሙኒ አወጣችና ኑርሁሴን መዳፍ ላይ አኖረችው። «ሰንበቴ ወስጄ እሸጣታለሁ ነው ያልኸው። ለማን እንደምትሸጣት አልማልህም። ይኸው ሰንበቴ፣ ይኸው ገዢ፣ አደም ምስክር ነው። መሐላህ ወጣ።»

«ድለላዬስ?» አለ አደም።

«ስሙኒዋን ተካፈሉ» አለችው።

በሳምንቱ ባልና ሚስት አብረው ደሴ ወጡ። ሽማግሌው ነጋዴ ኑርሁሴንን ገና በር ላይ ሲያየው «ያለቁት አልቀዋል፤ የሉኝም» አለ። ዘይና ጫፋቸውን እያየች ነጭ ነጩን መረጠች። ኑርሁሴን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ሰው ቢያዛጋ እንኳ ጥርሱን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያ እያየ ቆመ።

በዚያው ሰሞን ማታ ፈቃደ ማብሪያውን ሲጫን ሱቁ ቀን መሰለ። ሰማያዊው ሰማያዊ፣ ጥቁሩም ጥቁር ሆነ። ብርሃኑ በጓሮ መስኮት አልፎ፣ ግማሹ የጣቃ መጋዘን ከሆነው በረት ደረሰ። ኑርሁሴን ገለባ ይዞ ገባ። ትንሽ ቆመና የሸጊቱን ከንፈር በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ገለጠ። በዚያ ብርሃን የማይታይ ነገር አልነበረም። አይቶ ሲጨርስ መለሰውና አንገቷን አቀፈ።

ዘይና አንድ ጣቃ አቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ስንት ሆነች?» አለችው።

«ሰባት» አለ፣ ፊቱን ከአንገቷ ሳያነሣ።

ዘይና ጣቃውን ከሌሎቹ ላይ ደረበች። «የእኔ በቅሎ ናት» አለች፤ «ስድስት ናት።»